የመንዝ ድንጋይ ቤት ለምን ቅርስ አይባልም?

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ነባር ቤቶች በኮሪደር ልማቱ ሲፈርሱ ስለ ቅርስ ብዙ ተባለ፣ ተጻፈ፣ ስድብም አልቀረ። በዚያ ሁሉ ክርክር መሀል ስሙ ያልተነሳ አንድ ቤት አለ። ዶዘር ሳይደርስበት፣ ማንም አፍርሱ ሳይል፣ ዝም ብሎ እያለቀ ያለው የሰሜን ሸዋ ደገኛ የድንጋይ ቤት።

ቀየትን ይዞ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ እንጨት ብርቅ ነው። ማገዶው ኩበት በሆነበት አገር ግድግዳ በእንጨት አይቆምም፤ ስለዚህ ገበሬው በድንጋይ ይክባል። ግድግዳው ወፍራም፣ በሩ ዝቅ ያለ፣ መስኮቱ ካለም ጠባብ ነው። ይህን አይቶ "ጨለማ ቤት" የሚል የከተማ ሰው አይጠፋም። ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ላይ የሚያድር ሰው ግን መጀመሪያ የሚፈልገው ብርሃን ሳይሆን ውርጭ የማያስገባ ግድግዳ ነው። ከብቱም ከዚያው ጣሪያ ሥር ማደሩ ለቤቱ ሙቀት ይጨምራል። በጉ ሱፍ ይሰጣል፤ ሱፉ ባናና ዝተት ይሆናል። ድንጋዩ፣ ከብቱና ባናው አንድ ላይ ሆነው ነው ብርዱን የሚመክቱት።

ከግድግዳው በላይ ያለው ደግሞ ጓሳ ነው፤ የዚህን ቤት ታሪክ ከሌላው የሚለየውም እሱ ነው። ጓሳ በሳር ክዳንነቱ የታወቀ የደጋ ሣር ሲሆን፣ የበቀለበት የመንዝ ጓሳ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል። ሥፍራውን ሕዝቡ ራሱ "ቀሮ" በሚባል ሥርዓት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲጠብቀው እንደኖረ ይነገራል። (ስሙ ከቅርቡ የፖለቲካ ቃል ጋር ቢመሳሰልም ነገሩ ሌላ ነው።) ሣሩ ለሦስት፣ ለአምስት ዓመት ይዘጋል። ሲደርስ በበጋ ተከፍቶ ሁሉም ድርሻውን ያጭዳል፤ ሐምሌ 5፣ በጴጥሮስ ወጳውሎስ፣ መልሶ ይዘጋል። መብቱ ከርስት ጋር የተያያዘ ስለነበር የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ከሥሩ ነቀነቀው። ሆኖም ነዋሪው በሌላ አደረጃጀት ጥበቃውን ቀጠለ። ዛሬ ቱሪስት የሚሄድለት ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖርበት ሣር የተረፈው አንድም ገበሬው ቤቱን የሚከድንበት ስለፈለገው ነው።

ቆርቆሮ የመጣው በዚህ ላይ ነው። ገበሬውን መውቀስ ግን ግፍ ነው። ቆርቆሮ አንዴ ከተመታ በየጊዜው ሣር ማጨድ፣ መጫን፣ መክደን የለም፤ እሳትም አይፈራም፤ ክብርም አለው። ልጁን የሚድር ሰው "ቆርቆሮ ቤት አለው" መባልን ይፈልጋል። ሌሊት ብርዱን ቁልቁል ቢለቀውም፣ ሐምሌ ላይ በረዶው ሲወርድበት ሰው ከሰው ባይደማመጥም፣ ምርጫው የሚገባ ምርጫ ነው። ችግሩ ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ነው። ሣሩን የሚፈልግ ጣሪያ ካነሰ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ታግሶ ጓሳውን የሚጠብቅ ጎረቤትም አንድ ምክንያት ይጎድልበታል።

አዋጅ ቁጥር 209/1992 የቅርስ ባለቤት ቅርሱን በራሱ ወጪ እንዲጠብቅ ያዛል፤ ጥገናው ከአቅሙ በላይ ሲሆን መንግሥት ከወጪው ከፊሉን ሊሸፍን እንደሚችልም ይገልጻል። በዚህ "ሊሸፍን ይችላል" ላይ ተመክቶ የመንዝን ገበሬ "ቤትህ ቅርስ ነው፣ እንዳትነካው" ማለት የውርስ ዕዳ መስጠት ነው። ለዚህም ይሆናል ሁሉም ዝም ያለው።

ተራ ቤት ቅርስ አይሆንም የሚለው ግን ውሸት ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. የተመዘገበው የሐረር ጀጎል ነዋሪው የሚኖርባቸው ቤቶችም ከነሙሉ ክብራቸው አሉበት። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በዓለም ቅርስነት ሲገለጹ፣ አጠገባቸው ያሉት ባለ አንድ ፎቅ ክብ የላስታ ድንጋይ ቤቶች አብረው ተጠቅሰዋል። ስኮትላንድ ደግሞ 47 ሺህ ገደማ ሕንፃ በሕግ መዝግባለች፤ ሁሉም የመሳፍንት ግንብ አይደለም። በኤድንብራ ከ1861 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግንበኞች በማኅበር ተደራጅተው ለሠራተኛ የሠሯቸው፣ ግድግዳ የሚጋሩ ተርታ ቤቶች ዛሬ ሰው እየኖረባቸው ይጠበቃሉ። እነዚያንም የሠራቸው ድንጋይ ጠራቢ ነው።

ክልሉ ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በጦርነት ውስጥ ነው፤ ሰው ነፍሱን ለማትረፍ በሚሮጥበት አገር የአጥኚ ቡድን ይላክ ማለት ቅንጦት ይመስላል። ለመጀመር ግን የአጥኚ ቡድን አያስፈልግም። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለእረፍት አያቱ ቤት ሲገባ ሜትርና ደብተር ይዞ የግድግዳውን ውፍረት ቢለካ፣ በስልኩ ፎቶ ቢያነሳ፣ ጣሪያውን መጨረሻ ማን እንደከደነውና ያ ሰው ዛሬም በሕይወት እንዳለ ቢጠይቅ፣ የትኛውም ቢሮ ዛሬ በእጁ ከያዘው የተሻለ መዝገብ ይኖራል።