የልብ መድኃኒት ለጉበት

ናይሮቢ የሚኖሩት አዛውንት ፕሮፕራኖሎል ሲታዘዝላቸው ቅር አላቸው። «የታመመው ጉበቴ፣ የተሰጠኝ የልብ መድኃኒት!» አሉ። ማብራሪያው በእንግሊዝኛ ነበር፤ አስተርጓሚ አልነበረም። ድካም ሲበረታባቸው ኪኒኑን ትራሳቸው ሥር መደበቅ ጀመሩ።

ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ሄፓታይተስ ቢ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ጉበታቸውን አጠጥሮታል። ከአንጀት የሚመጣው ደም በጠጠረው ጉበት ማለፍ ሲሳነው፣ በምግብ ቧንቧ ያሉት ደም መላሽ ሥሮች ይወጠራሉ፤ ከፈነዱም ሕይወት ያጠፋሉ። ፕሮፕራኖሎል የልብን ምት አዝግሞ፣ ወደ አንጀት የሚሄደውንም ደም ቀንሶ ይህን ግፊት ያበርዳል፤ ፈረንሳዊው ሐኪም ዲዲየ ለብሬክና ባልደረቦቹ በ1980 እ.ኤ.አ. ያሳወቁት ይህንኑ ነበር። ቫይረሱን ግን አይነካውም፤ ለእርሱ እንደ ቴኖፎቪር ያለ ሌላ መድኃኒት አለ። አስም ላለበት ሰው አይስማማም፤ የደም ግፊት እጅግ ሲወርድም ሐኪሙ ይቀንሰዋል ወይም ያቆመዋል። በሽተኛው በገዛ እጁ ሲያቋርጠው ግን የመድማቱ ሥጋት ይመለሳል።

የተደበቀውን ኪኒን ያገኘችው ልጃቸው ናት። አልተቆጣችም፤ ሐኪሙ ዘንድ ይዛቸው ሄዳ ቃል በቃል ተረጎመችላቸው። መጠኑ ተቀነሰላቸው። «ይህን ያኔ ብሰማ ኖሮ ምን እደብቅ ነበር?» አሉ አዛውንቱ።