ወደ ሲሼልስ ደሴቶች ለዕረፍት ለመሄድ ላሰበ

የመንግሥት ሠራተኛ የዓመት ፈቃዱን፣ ተማሪም የክረምት ዕረፍቱን ሲያገኝ አስቀድሞ የሚያስበው ወደ ዘመድ አገር መሄድን ነው። ይህ መልካም ልማድ ነው። ሆኖም ከደመወዙ ጥቂት ጥቂት እየቈጠበ አንድ ጊዜ ባሕር ተሻግሮ የሰው አገር ለማየት የሚመኝ ወጣት ቍጥሩ ቀላል አይደለም። እንዲህ ላለው ሰው ከአፍሪካ በስተምሥራቅ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ተበትነው ስለሚገኙት ስለ ሲሼልስ ደሴቶች፣ በተለይም ጕዞው እንዴት መሰናዳት እንደሚገባው ጥቂት እንነግረዋለን።

ደሴቶቹ 115 ናቸው። የብሳቸው ሁሉ ቢደመር ከአዲስ አበባ ከተማ ክልል ያንሳል፤ የባሕር ግዛታቸው ግን ከኢትዮጵያ የቆዳ ስፋት ይበልጣል። ዋናይቱ ደሴት ማሄ ርዝመቷ 27 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዋና ከተማው ቪክቶሪያም በእርሷ ላይ ነው። ይህን የየብስና የባሕር ልዩነት በልቡ የያዘ ሰው የጕዞውን ምስጢር ግማሹን ዐወቀ ማለት ነው። በደሴት ላይ ሁሉ ነገር በልክ ነውና። መሬቱ በልክ ነው፤ ማደሪያው በልክ ነው፤ ሩዙም ነዳጁም በመርከብ ስለሚመጣ ዋጋው ይከብዳል። ሳይቈጥር የሄደ ሰው በሦስተኛው ቀን ኪሱ ይራቈታል።

ነፋሱን አስቀድሞ መጠየቅ

በእኛ አገር ወራቱ የሚለየው በዝናብ ነው፤ በዚያ ግን ከዝናቡ ይልቅ በነፋስ ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ድረስ ከደቡብ ምሥራቅ የሚመጣው ነፋስ ይነፍሳል፤ ጊዜው ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ነው። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ደግሞ የሰሜን ምዕራቡ ነፋስ ሙቀትና ዝናብ ይዞ ይመጣል። በመካከላቸው፣ በሚያዝያና በጥቅምት ገደማ፣ ነፋሱ ዐርፎ ባሕሩ ይጠራል። ይህም ሁሉ ሆኖ ሙቀቱ ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይለዋወጥም።

እንግዲህ የእኛ ክረምት ሲበረታ የእነርሱ ደረቅ ወራት ነው፤ ለተማሪና ለአስተማሪ ይህ የተመቸ ነው። ነገር ግን በዚሁ ወራት ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚያዩት ዳርቻዎች በማዕበል ይመታሉ። ስለዚህ በክረምት የሚሄድ ሰው በማሄ ሰሜን ምዕራብ ያለውን ቦ ቫሎንን፣ በፕራሊን ደሴትም አንስ ላዚዮን ቢመርጥ ባሕሩን ጸጥ ብሎ ያገኘዋል። በጥርና በየካቲት የሚሄድ ሰው ደግሞ ምርጫውን ይገለብጣል። በላ ዲግ ደሴት ያለው ግራንድ አንስ እጅግ ያማረ ነው፤ ነገር ግን በነፋሱ ወራት የውኃው ጉተታ ብርቱ ነው። በሐይቅና በወንዝ ብቻ ዋና የተማረ የደጋ ሰው በዚያ ቆሞ ቢመለከት እንጂ ባይገባ ይሻለዋል። በሥዕል ላይ ያለው ባሕር የትኛው ነፋስ እንደ ነበረ አይናገርም።

ስለ ወረቀትና ስለ ገንዘብ

ወደ ሲሼልስ ለመግባት ከየትኛውም አገር የመጣ ሰው ቪዛ አይጠየቅም። ነገር ግን ከጕዞው በፊት የመግቢያ ፈቃድ ማውጣት፣ የመመለሻ ቲኬትና የተያዘ ማደሪያ ማሳየት፣ ለቈይታውም የሚበቃ ገንዘብ መያዝ ግዴታ ነው። ከአገራችን የሚነሣ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት የምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል። ደንብ ይለወጣልና ቲኬት ከመቍረጥ በፊት ደግሞ መጠየቅ ብልኅነት ነው። በባሕር ዳር ድንኳን ተክዬ አድራለሁ ብሎ ያሰበ ተማሪ ቢኖር ሐሳቡን ይተው፤ አይፈቀድምና።

ለትንሽ ቦርሳ የሚስማሙ መንገዶች ግን አሉ። የባሕር ዳርቻው በሕግ የሕዝብ ነው፤ ለመታጠብ የትልቅ ሆቴል እንግዳ መሆን አያስፈልግም። ወጥ ቤት ያላቸው፣ ባለቤቶቹ በቤተሰብ የሚያስተዳድሯቸው የእንግዳ ማረፊያዎች አሉ፤ ከቪክቶሪያ ገበያ ዓሣና ፍራፍሬ ገዝቶ በዚያ ማብሰል ይቻላል። በማሄና በፕራሊን አውቶቡስ አለ። ከማሄ ወደ ፕራሊን ፈጣኑ ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል፣ ከፕራሊን ወደ ላ ዲግ ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። በላ ዲግ ደግሞ ብስክሌት ተከራይቶ ደሴቲቱን ማየት ነው። ሰባት ቀን ላለው ሰው እነዚህ ሦስቱ ይበቃሉ። ግዙፎቹን ኤሊዎች ለማየት ሲል ከማሄ ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ወደሚገኘው ወደ አልዳብራ ለመድረስ አይመኝ፤ በፕራሊን አጠገብ ባለችው በኩሪየዝ ደሴት ኤሊዎቹ እንደ ልባቸው ሲዘዋወሩ ያገኛቸዋል።

ነሐሴ 9 ቀን በላ ዲግ የእመቤታችን የፍልሰታ በዓል በታላቅ ድምቀት ስለሚከበር ማደሪያ አስቀድሞ መያዝ ያሻል። እኛም በዚያን ጊዜ በጾም ላይ ነን፤ ጾመኛው ግን አይቸገርም፤ ሩዝ፣ ምስር፣ በኮኮነት ወተት የበሰለ ሙዝና ስኳር ድንች የአገሬው ምግብ ነውና።

ሊታይ የሚገባው

በ1879 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጋር ለመነጋገር ወደ ደብረ ታቦር የመጣው እንግሊዛዊው ጎርደን በ1881 ፕራሊንን ጐብኝቶ ነበር። ቫሌ ደ ሜ የሚባለውን የዘንባባ ሸለቆ ባየ ጊዜ የኤደን ገነት በዚህ ነበረች ብሎ አመነ። የግዮንን ወንዝ ነገር ከኦሪት ያነበብን እኛ ከእርሱ ጋር ለመስማማት ይቸግረን ይሆናል፤ ሆኖም ከዚያ ጥላ ሥር የቆመ ሰው አሳቡ ከምን እንደ መጣ ይረዳዋል። ኮኮ ደ ሜር የተባለው፣ ከዕፅዋት ፍሬ ሁሉ ትልቁን ዘር የሚሰጠው ዛፍ በተፈጥሮ የሚበቅለው በፕራሊንና በኩሪየዝ ብቻ ነው። አንዱ ፍሬ ለመብሰል ስድስትና ሰባት ዓመት ይፈጅበታል። ስለዚህ ያለ ፈቃድ ወረቀት ፍሬውን ከአገር ማውጣት የተከለከለ ነው። ሸለቆው በ1983 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

ደሴቶቹ ሁልጊዜ የደስታ ስፍራ አልነበሩም። ሰው መኖር የጀመረባቸው በ1770 ፈረንሳውያን ከባሪያዎቻቸው ጋር በሰፈሩ ጊዜ ነው። በኋላም እንግሊዞች ያልታዘዟቸውን ነገሥታት በግዞት ያኖሩበት ነበር፤ የቡጋንዳው ምዋንጋ በ1903 በዚያ ሞተ፤ የአሻንቲው ፕሬምፔም እስከ 1924 ድረስ በዚያ ቈየ። አገሩ ነጻነቱን ያገኘው በ1976 ነው። ዛሬ አውቶቡስ ውስጥ አጠገባችን የሚቀመጠው ሰው የአፍሪካ፣ የአውሮፓና የእስያ ደም የተገናኘበት ነው፤ ክሬዮል ይናገራል፤ እንግሊዝኛም ስለሚያውቅ ከተማሪዎቻችን ጋር ለመግባባት አይቸግረውም።

በ1998 የባሕሩ ሙቀት ከልክ በማለፉ በማሄና በአካባቢዋ ካለው ኮራል አብዛኛው ሞቷል። ስለዚህ በተረፈው ላይ አለመቆም፣ ዛጎልም ሰብስቦ ወደ ቤት አለመውሰድ የእንግዳ ግዴታ ነው። ጠባብ ቤት ገብቶ የሚያድር እንግዳ እግሩን ሰብስቦ እንደሚቀመጥ ሁሉ፣ ወደ ደሴት የሚሄድም ሰው ቀኑን፣ ገንዘቡንና እጁን በልክ ይያዝ። እንዲህ የተሰናዳ መንገደኛ ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም በደስታ ይመለሳል።