ሁለት ዓመተ ምሕረት

በልደታ በምንኖርበት ቤት ልጆቻችን የቤት ሥራ በተሰጣቸው ጊዜ ከመጽሐፍ አስቀድመው የእጅ ስልክን ይጠይቃሉ። አልከለከልናቸውም፤ መጽሐፍ ባነሰበት ቤት ታላቅ ረዳት ነውና። ነገር ግን የዐድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓመተ ምሕረት ሆኖ ሳለ፣ ስልኩ 1896 ብሎ ስላሳያቸው አያታቸውን “ተሳስተዋል” ለማለት ደፈሩ። ይህስ አሳዘነን። ሁለቱም ቍጥር እውነት ነው፤ የኋለኛው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። ስምንት መቀነስም ሁልጊዜ አያዋጣም፤ ዳግማዊ ምኒልክ ያረፉት ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ሲሆን በፈረንጆቹ 1913 ነው፤ ልዩነቱ ሰባት። ስለዚህ ጽሑፉን ማን፣ መቼ፣ በየትኛው አቈጣጠር እንደ ጻፈው በደብተራቸው ዳር ሳያሰፍሩ መልሳቸውን አንቀበልም። ታናሺቱማ ትናንት አንዱን ገጽ፣ “የጸሓፊው ስም የለውም” ብላ ዘጋችው።