ቤቴ የከረመው መጽሐፍ፦ መምህራን ከቤተ መጻሕፍት ስለሚያገኙት አገልግሎት የግል ማስታወሻ

የምኖረው ቀበና ነው። ማለዳ ወደ ሥራ ስወጣ፣ ከእንጦጦ ጫካ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱ ሴቶችን ብዙ ጊዜ አገኛለሁ። ስለዚህም ከማማክራቸው የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች አንዷ የመመረቂያ ጥናቷን በእንጦጦ ባሕር ዛፍና በማገዶ ንግድ ታሪክ ላይ ለመሥራት ስትወስን ደስ ብሎኝ ነበር። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት እጥረት እንደ ገጠማት፣ ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍም ከተማዋን ከዚህ ችግር እንደ ታደጋት ይታወቃል። ዳራውን እንድትረዳ በማሰብ በቅድሚያ እንድታነብ ያዘዝኋት የሪቻርድ ፓንክረስትን መጽሐፍ ነበር። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. ከ1800 እስከ 1935 ያለውን የኢትዮጵያን የኢኮኖሚ ታሪክ የሚመለከት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1968 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የታተመ ነው።

ተማሪዋ ከሦስት ሳምንት በኋላ ባዶ እጇን ተመለሰች። «መምህር፣ መጽሐፉ በካታሎጉ ላይ አለ። ነገር ግን አንድ መምህር ተውሰውት እስካሁን አልመለሱም አሉኝ። ማን እንደሆኑ ብጠይቅም ሊነግሩኝ አልፈቀዱም» አለችኝ። እኔም ከባልደረቦቼ አፍ ደጋግሜ የሰማሁትን ወቀሳ አወረድሁ፤ የሕዝብ ንብረት ወስደው ስለሚያስቀሩ መምህራን ምሬቴን ነገርኋት። በዚያው ምሽት ሌላ ሰነድ ስፈልግ፣ ከመጻሕፍቴ መደርደሪያ ታችኛው ረድፍ ላይ ያንኑ መጽሐፍ አገኘሁት። የኋላ ሽፋኑ ላይ በተለጠፈው ወረቀት የታተመው የመመለሻ ቀን ካለፈ አራት ዓመት ሆኖታል። የወቀስሁት መምህር እኔው ነበርሁ።

የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞች ስሜን አለመናገራቸው ቸልተኝነት አይደለም። ማን ምን እንደሚያነብ በምስጢር መጠበቅ ከሙያው መሠረታዊ ሥነ ምግባር አንዱ ነው። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው፣ አራት ዓመት ሙሉ አንድም ነገር መጽሐፉን እንድመልስ አለማስገደዱ ነው። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ መጽሐፍ የሚዋሰው ለቀናት ወይም ለጥቂት ሳምንታት ሲሆን፣ መምህር ግን ለመንፈቀ ዓመት ወይም ከዚያም በላይ መያዝ ይችላል። ተማሪ ቢያዘገይ ይቀጣል፤ በመምህር ላይ ግን ቅጣቱ እምብዛም አይጸናም። መጽሐፉ በግድ የሚመለሰው ክሊራንስ በሚጠየቅበት ዕለት ነው። ተማሪ ሲመረቅ፣ መምህርም ለትምህርት ወደ ውጭ ሲሄድ ወይም ሥራ ሲለቅ ክሊራንስ ያወጣል። በሥራው ላይ ጸንቶ የሚቆየውን መምህር የሚጠይቀው ዕለት ግን የለም። መብቱ የተሰጠን ምርምር ጊዜ ስለሚፈልግ ነው፤ እኔ ግን ከመጽሐፉ አንድ ምዕራፍ አንብቤ ቀሪውን ለአቧራ ትቼዋለሁ።

በማግስቱ መጽሐፉን ይዤ ወደ ውሰት ክፍሉ ሄድሁ። ለረጅም ጊዜ የማውቃቸው የክፍሉ ኃላፊ መጽሐፉን ተቀብለው መዝገባቸውን ካስተካከሉ በኋላ፣ «እግዜር ይስጥልኝ መምህር። ግን ወደ መደርደሪያው ብንመልሰው ነገ ሌላ መምህር ይወስደዋል። ለምን ሪዘርቭ አያስደርጉትም?» አሉኝ። አገልግሎቱ መኖሩን አውቃለሁ፤ አንድም ጊዜ ግን አልተጠቀምሁበትም። መምህሩ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት የኮርሱን ዋና ዋና ንባቦች ዝርዝር ያስገባል። ቤተ መጻሕፍቱም መጻሕፍቱን ከአጠቃላይ መደርደሪያ አንሥቶ ከአስተናጋጁ ጀርባ ያስቀምጣቸዋል። ተማሪዎች ለጥቂት ሰዓታት ወይም ለአንድ ሌሊት እየተዋሱ በተራ ያነቡአቸዋል። በዚህ መንገድ አንድ ቅጂ ብቻ ለአንድ ክፍል ተማሪዎች በሙሉ ሊደርስ ይችላል። እኔ ግን ከአሥር ዓመት በላይ ሳስተምር አንድም ዝርዝር አላስገባሁም፤ ንባቡን በጥቁር ሰሌዳ ጽፌ መጽሐፉን ከቤቴ አኑሬዋለሁ።

ኃላፊዋ በዚህ ሳይወሰኑ ስለ መጽሔቶችም ጠየቁኝ። አንድ ጽሑፍ ሲያስፈልገኝ ውጭ አገር ለሚኖር ወዳጄ ጽፌ እንዲልክልኝ እንደማደርግ ስነግራቸው ፈገግ አሉ። ሪሰርች ፎር ላይፍ የተባለው ትብብር እ.ኤ.አ. በ2002 በዓለም ጤና ድርጅት አስተባባሪነት ሂናሪ በተባለው የሕክምና ጽሑፎች መርሐ ግብር ሥራ ጀመረ። ከዚያም ግብርናን፣ አካባቢ ጥበቃን፣ ቴክኖሎጂንና ሕግን የሚመለከቱ መርሐ ግብሮች ተጨምረውበታል። ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚገኙ የተመዘገቡ ተቋማት በዋጋ የማይቀመሱ መጽሔቶችን በነጻ የሚያገኙበት በር ነው፤ የኢትዮጵያ ተቋማትም ዕድሉ ተሰጥቷቸዋል። የይለፍ ቃሉን የሚሰጠው ቤተ መጻሕፍቱ ነው። ከወዳጄ የምለምነው ጽሑፍ ሁልጊዜ እዚያ ይገኛል ማለቴ አይደለም፤ ከመለመኔ በፊት ግን ከቅርቡ ሰው መጠየቅ ነበረብኝ። በአገር ውስጥም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጥናቶችን በኤሌክትሮኒክ ማኅደር ለአንባቢ ማቅረቡ፣ ተማሪዎቻችን የተሠራውን ደግመው እንዳይሠሩ ይረዳል።

በዚያ ዕለት የተረዳሁት ዋና ነገር የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የመጽሐፍ ጠባቂ ብቻ አለመሆኑን ነው። ለዚህ ከራሳችን ታሪክ የተሻለ ምስክር አይገኝም። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ1963 ሲመሠረት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። ለቤተ መጻሕፍቱና ለሙዚየሙ መሠረት የሆነውን ስብስብ ግን ቀደም ብለው በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ዘመን ማከማቸት የጀመሩት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ስታኒስላው ሆይናትስኪ ናቸው። እኚሁ ሰው በኢትዮጵያ የሥዕል ታሪክ ዘርፍ ከታወቁት ተመራማሪዎች አንዱ ለመሆን በቅተዋል። መጻሕፍትን የሚሰበስበውና ጥናቱን የሚያካሂደው ሰው አንድም ሊሆን እንደሚችል ያስመሰከሩ ናቸው።

ለባልደረቦቼ ፍትሐዊ ለመሆን፣ መጽሐፍ የምናከማቸው በስስት ብቻ አይደለም። የውጭ መጽሐፍ ውድ ነው፤ የውጭ ምንዛሪም እንደ ልብ አይገኝም። የመለስነውን መጽሐፍ ዳግም እንዳናጣው እንሰጋለን። ሆኖም እያንዳንዳችን እጥረቱን ፈርተን የምንደብቀው መጽሐፍ ያንኑ እጥረት ያባብሰዋል። ህንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ራንጋናታን እ.ኤ.አ. በ1931 ባሳተሙት መጽሐፍ ካስቀመጧቸው አምስት ሕጎች አንዱ የአንባቢው ጊዜ በከንቱ እንዳይባክን የሚያስገነዝብ ነው። የተማሪዬ ሦስት ሳምንት የባከነው ቤተ መጻሕፍቱ ስለ ደከመ ሳይሆን እኔ ስለ ረሳሁ ነው።

ስለዚህ የዚህን መጽሔት አንባቢ መምህራን ሦስት ነገር እንዲያደርጉ እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ በየመንፈቀ ዓመቱ መጨረሻ ክሊራንስ እንደሚያወጣ ሰው መደርደሪያችንን እንፈትሽ። ሁለተኛ፣ የኮርስ ንባብ ዝርዝራችንን ትምህርት ሳይጀመር ለቤተ መጻሕፍቱ እናስገባ፤ የሌለ መጽሐፍ ቢኖርም የግዥ ጥቆማ እንስጥ። ሦስተኛ፣ ለምናማክራቸው ተማሪዎች ንባብ ከማዘዛችን በፊት መጽሐፉ ከየት እንደሚገኝ እናረጋግጥ። ከቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊዎችም የምለምነው አለኝ፤ ሌላ አንባቢ በጠየቀን ጊዜ መጽሐፉን የማስመለስ ሥልጣናችሁን በእኛ በመምህራን ላይም አጽኑት።

ለተማሪዬ እውነቱን ነገርኋት። ጥቂት ዝም ካለች በኋላ፣ «ምንም አይደል መምህር፣ ዋናው መገኘቱ ነው» አለችኝ። ይቅርታዋ ከወቀሳ ይልቅ ከበደኝ። መጽሐፉን ሪዘርቭ ክፍል ተቀምጣ አንብባ ጨርሳለች፤ ከእርሷ በኋላም ሌሎች ሁለት ተማሪዎች ተውሰውታል። እኔም ቀበና ያለውን መደርደሪያዬን ስፈትሽ አራት ሌሎች የቤተ መጻሕፍት መጻሕፍት አገኘሁ። ሦስቱን መለስሁ፤ የምሠራበትን አንዱን ደግሞ በስሜ አሳድሼ ያዝሁት።