ኮሶና እኛ

እንደሚታወቀው እኛ ዕጩ መምህራን ለልምምድ ወደ ገጠር ስንወጣ ከጠመኔውና ከትምህርት ዕቅዱ ጋር ብዙ ምክርም ተሸክመን ነው። በ2016 ዓ.ም. ስድስት ሆነን በተመደብንበት ትምህርት ቤት ስለ ኮሶ ትል እንድናስተምር ደረሰን። ሰሌዳው ላይ በሬ ሣልን፣ ሰው ሣልን፣ ከበሬው ወደ ሰውየው የሚሄድ ቀስት አሰመርን። «ጥሬ ሥጋ አንበላም!» እያልን ክፍሉን በሙሉ አስደገምን።

በሳምንቱ ፋሲካ ደረሰና ከሰፈሩ ሰዎች ጋር ቅርጫ ገባን። ምን ይደረግ፣ በዓል ነው! ቁርጡን በአዋዜ እያጣቀስን ሳለ የአከራያችን ልጅ፣ ተማሪያችን ነው፣ በሩ ላይ ቆሞ ያየናል። «ጋሼ፣ ይቺስ?» አለ። እኛ ሳቅን፤ እሱ አልሳቀም።

እናቱ ደግሞ የባሰውን ጠየቁን። «ልጆቼ፣ እኛስ ከበሬው ያዘን እንበል፤ በሬው ከየት አመጣው? እሱ ሥጋ አይበላ!»

እውነትም ቀስታችን ግማሽ ነበር። በሬው የሚይዘው ከሰው ነው። ትሉ በሰው አንጀት ውስጥ ከ4 እስከ 10 ሜትር ሊረዝም ይችላል። የዱባ ፍሬ የምትመስለው ነጭ ቁራጭ ስትወጣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ይዛ ነው። እንቁላሉ ሣር ላይ ለወራት ሳይሞት ይቆያል። ከብቱ ሲግጠው ጡንቻው ውስጥ ገብቶ አተር የምታክል፣ ውሃ የቋጠረች ከረጢት ይሆናል። እሷን ሳትበስል የዋጠ ሰው ሁለት ሦስት ወር ቆይቶ ኮሶ ይታየዋል።

እኛስ የት ነበር የምንፀዳዳው? የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት በሩ ወድቋል፤ ስለዚህ ስድስታችንም ከቤቱ ጀርባ ሜዳ እንወጣ ነበር። እዚያው ሣር ላይ የአከራያችን ላምና የጎረቤት ጥጆች ይሰማራሉ። ከመካከላችን ሁለታችን ኮሶ ነበረብን፤ እፍረት ይዞን ለማንም አልተናገርንም ነበር።

መድኃኒቱ እንደሆነ ሞልቷል። ከጥንት ኮሶው፣ እንቆቆው፣ መተሬው አለ፤ ዛሬ ደግሞ ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል። ነገር ግን ኮሶ ጠጥቶ ሜዳ የሚወጣ ሰው በዳነበት ቀን ግጦሹን ዘራበት ማለት ነው። ትሉ ከመንደር የማይጠፋው በዚህ ነው። የአሳማው ኮሶ ትል ከዚህም ይከፋል፤ እንቁላሉን ሰው ራሱ ከዋጠው አንጎል ድረስ ዘልቆ የሚጥል በሽታ ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት እንደተገለጸው፣ በሰሜን ፔሩ፣ ቱምቤስ በተባለው አካባቢ፣ ሰውንም አሳማውንም አንድ ላይ አክመው ነው ከአብዛኛው መንደር ሊያጠፉት የቻሉት።

በመጨረሻው ሳምንት ትምህርቱን ደገምነው። ከሰውየው ወደ ሣሩ የሚሄደውን ቀስት ያ ልጅ ሣለው። «ሰውየው ማነው?» ሲሉን «እኛ ነን» አልን። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

የሽንት ቤቱን በር ከተማሪዎቹ ጋር በአሮጌ ቆርቆሮ ጠግነን መጣን። ዘንድሮ ወደዚያ የምትመደቡ ካላችሁ መቀርቀሪያ ይዛችሁ ሂዱ፤ እሱን አላገኘንም።