የችሎት ነገር በትያትር ሲታይ

በፈረንጆች አቈጣጠር በ1994 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ ከተማ ኒኮል ብራውን ሲምፕሰንና ሮናልድ ጎልድማን ተገደሉ፤ በነፍስ ግድያ የተከሰሰውም የኒኮል የቀድሞ ባል፥ ስመ ጥሩው ኳስ ተጫዋች ኦ. ጄ. ሲምፕሰን ነበረ። የዚህ ሙግት ታሪክ በ2016 ዓ.ም. በአሜሪካ በ10 ክፍል ተከፍሎ በቴሌቪዥን ትያትር እንደሚታይ በተሰማ ጊዜ፥ ልጆቻችን ቀኑን በጣት እየቈጠሩ ይጠብቁ ነበር።

እነርሱ «ገድሏልን ወይስ አልገደለም?» እያሉ ይከራከራሉ። እኛ ግን ብዙ ዘመን በችሎት ጸሐፊነት የኖርን ስለ ሆነ፥ ልባችን ያረፈው በችሎቱ ጸሐፊ ላይ ነበር። ከስምንት ወር በላይ የተሰማውን ነገር 12ቱ የሕዝብ ፈራጆች ከአራት ሰዓት ባነሰ ጊዜ መክረው ጨረሱ። በማግስቱም፥ በኦክቶበር 3 ቀን 1995 ዓ.ም.፥ «ጥፋተኛ አይደለም» የሚለውን ቃል ያነበበችው እርስዋ ናት፤ የተከሳሹን ስም ስትጠራም አንደበትዋ ተሰናከለ።

እኛም አንድ ቀን ፍርድ ስናነብ የሟች እናት ከበስተኋላ ስታለቅስ ሰምተን ድምፃችን ተቋርጦ ነበር። ፍርዱን በመዝገብ ጻፍነው፤ ልቅሶውን ግን አልጻፍነውም፤ መዝገብ ለልቅሶ ስፍራ የለውምና።

ስለዚህ ልጆቻችንን «ትያትሩን እዩ፤ ሲፈጸም ግን የሁለቱን ሟቾች ስም ትነግሩናላችሁ» አልናቸው። በመጨረሻው ሌሊት ታላላቆቹ የጠበቆቹን ስም ሁሉ ደረደሩ፤ ሳንጠይቃት የሟቾቹን ስም የጠራችልን ታናሺቱ ልጃችን ናት። እኛም ይህን ጻፍነው።