«ወፈረልኝ»

የእህቴ ልጅ የተወለደው ደም ከሚረጩት ሁለት የልብ ክፍሎች አንዱ ብቻ ሠርቶለት ነው። አዲስ አበባ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ በ2001 ዓ.ም. በተከፈተው የልብ ማዕከል ተራ የሚጠብቁ ሕፃናት በሺዎች ይቆጠራሉ። የእኛ ልጅ ግን ዕድል ወጣለት፤ በበጎ አድራጊዎች ወጪ ባሕር ማዶ ሄዶ፣ በፈረንሳዊው ሐኪም በፎንታን ስም የሚጠራው ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ጠቁሮ የሄደው ከንፈር ቀልቶ ወደ ቤቱ፣ እንጅባራ ገባ።

ሐኪሞቹ ሲሸኙን በግልጽ ነግረውናል። ልቡ አልተተካም፤ ከታችኛው የሰውነት ክፍል የሚመለሰው ደም የሚረጨው ሳይኖር በቀጥታ ወደ ሳንባ እንዲያልፍ መንገዱ ተቀየረ እንጂ። ስለዚህ ውሃ ሊቋጥር፣ ደም ሊረጋበት፣ የልብ ምቱ ሊዛባ፣ ጉበቱ ሊጎዳ ይችላል፤ ክትትሉ ዕድሜ ልክ ነው። እህቴ «ጋሼ፣ አንተ ፊደል ታውቃለህ» ብላ የቀጠሮ ካርዱን ለእኔ ሰጠችኝ።

ቀጠሮው ጥር 24 ቀን 2015 አዲስ አበባ ነበር። ለመድረስ በ23 ንጋት መናኸሪያ መገኘት አለብን። ጥር 23 ደግሞ የአገው ፈረሰኞች ቀን ነው። ልጁ ለመነኝ። «ፈረሱን አይተን እንሄዳለን» አልኩት። ትከሻዬ ላይ ሆኖ ሲጮህ ዋለ፤ ያን ቀንስ አልጸጸትበትም። በማግስቱ አለመሄዴ ነው የሚያንገበግበኝ። የካቲት ፈተና አለ አልኩ፣ መጋቢት ገንዘብ የለም አልኩ፣ ከዚያ የልጁን ሩጫ እያየሁ ድኗል አልኩ።

ግንቦት ላይ ጉንጩ ሞላ፤ ሱሪው ጠበበው። እናቱ «ወፈረልኝ!» ብላ እልል አለች። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ውሃ ነበር። መውጫ ያጣው ደም ወደ ኋላ እየገፋ፣ ፕሮቲኑ በአንጀቱ እየፈሰሰ፣ ልጁ ከውስጥ እየከሳ ነበር የሞላው። ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ስንነሣ ሐምሌ አለቀ፤ ሐምሌ 28 በአማራ ክልል ግጭት ሳቢያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ ተኩሱ በረታ፣ መኪና ቆመ። አዲስ አበባ ስንደርስ «ቀድማችሁ ብታመጡት» ከማለት ሌላ ብዙ የሚሉት አልነበራቸውም። ኅዳር ላይ ቀበርነው።

መንገዱ ስድስት ወር ክፍት ነበር። በሺዎች የሚለምኑት ዕድል እጄ ላይ ነበር።

የልብ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ልጅ ቤታችሁ ካለና ፊቱና ሆዱ ድንገት ከሞላ፣ እባካችሁ «ወፈረ» አትበሉ። ይዛችሁት ሂዱ።